የማን ልጅ ነህ?

መንዝ ውስጥ እንግዳ ሰው መንገድ ላይ ሲገኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፤ «የማን ልጅ ነህ?» ዘመሮ ገበያ ላይም ይሁን ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ፣ ጠያቂው ስምህን ብቻ ፈልጎ አይደለም። የአባትህን ስም ትነግረዋለህ፤ እሱ አያትህን ይጠይቃል። እዚያ ካላገኘህ ወደ እናትህ ወገን ይዞራል። ሦስት አራት ትውልድ ወደ ኋላ ሄዶ የሆነ ቦታ ላይ ይይዝህና «እንዲያማ ከሆነ ዘመዳሞች ነን!» ይላል። ጥያቄው ሙቀት አለው። መልሱም ብዙ ስም ነው።

ጥያቄው ፍርድ ቤት ግቢ ሲገባ ግን ይቀዘቅዛል። እናትና አባት ተለያይተው «ልጁ ከማን ጋር ይኑር?» በሚለው ሲካሰሱ መልሱ አንድ ስም ብቻ እንዲሆን ይፈለጋል። ልጁን አያት ይጠይቀዋል፣ ጎረቤት ይጠይቀዋል፣ አንዳንዴም ዳኛ ይጠይቀዋል፤ «አንተ ከማን ጋር መሆን ትፈልጋለህ?» ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን ትርጉሙ «ከሁለቱ ማንን ትተዋለህ?» ነው።

የቤተሰብ ሕጋችንን ታሪክ ሳነብ ደጋግሜ የማስበው ይህንን ነው። ሕጉ ብዙ መንገድ ሄዷል። «ልጁ የማን ነው?» ከሚለው ተነስቶ «ለልጁ የሚሻለው ምንድን ነው?» እስከሚለው ደርሷል። ያልደረሰበት አንድ ቦታ አለ፤ በአንዱ ቀጠሮና በሚቀጥለው ቀጠሮ መካከል ልጁን ማን ይይዘዋል? እስቲ ታሪኩን ከመጀመሪያው እንየው።

በሁለት ወገን የቆመ ልጅ

በድሮው የመንዝ ሥርዓት ሰውን ሰው የሚያደርገው ርስቱ ነበር። ርስት የሚቆጠረው ከአቅኚ አባት፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ አቀና ተብሎ ከሚታመነው ሰው ነው። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር የሚሉት ስሞች የመጡት ከእንዲህ ዓይነት አባቶች እንደሆነ በአፈ ታሪክ ይነገራል። ቆጠራው ግን በአባት በኩል ብቻ አልነበረም። ሴት ልጅም ርስት ትወርሳለች። ስታገባ ርስቷ የራሷ እንደሆነ ይቆያል፣ ስትፋታም አብሯት ይወጣል።

ስለዚህ ሕፃን ሲወለድ በሁለት ወገን ይቆማል። የአባቱ ዘመዶች ይቆጥሩታል፣ የእናቱም ዘመዶች ይቆጥሩታል። ጋብቻው ቢፈርስ ከብቱና እህሉ ይካፈላል፤ ልጁ ግን ከሁለቱም ወገን አይፋቅም። ካደገ በኋላ ተነስቶ «በእናቴ በኩል ይገባኛል» ብሎ መሬት መሟገት ይችላል። ማንም አያት የልጅ ልጁን ሙሉ በሙሉ መተው አይጠቅመውም ነበር።

ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም፤ ምክንያቱም ፍቺ ብርቅ አልነበረም። የቁርባን ጋብቻ የማይፈታ ቢሆንም ብዙው ሰው የሚጋባው በሰማንያ ነበር፤ ሰማንያ ደግሞ ውል ነው፣ ውል ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ1990 በተደረገ ብሔራዊ የቤተሰብና የወሊድ ጥናት ላይ ተመሥርተው ሁለት ተመራማሪዎች ባወጡት ስሌት፣ በኢትዮጵያ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶ የሚሆኑት በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ ያበቃሉ። ከሚፋቱት ሴቶች ሁለት ሦስተኛው የሚፋቱት በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ነው። «የድሮ ትዳር ጽኑ ነበር» የሚለን ሰው ይህን ቁጥር ቢያየው መልካም ነው።

አደራ፣ ድሮ ሁሉ ወርቅ ነበር እያልኩ አይደለም። ብዙ ሴት የምትዳረው ገና በልጅነቷ ነው። እንግዲህ ጨቅላዋን አዝላ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰችው «እናት» ራሷ አሳዳጊ የሚያስፈልጋት ልጅ ልትሆን ትችላለች። ልጁ ከሁለት ወገን ዘመድ አለው ማለትም ሁለቱም ወገን ይንከባከበዋል ማለት አይደለም። ከእንጀራ እናት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ አጎት ሲንከራተት፣ በግ ጠባቂ ሆኖ ያደገ ስንቱ ነው። ርስት የልጁን ቦታ ይጠብቅለታል፤ እንቅልፉን ግን አይጠብቅለትም።

የቤተ ዘመድ ችሎት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገሩን ጽሑፍ ላይ አሰፈረው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። የፍቺ ክርክርን የሚሰሙት ግን በቀጥታ የመንግሥት ዳኞች ሳይሆኑ የቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞች ሆኑ፤ ብዙ ጊዜ የጋብቻው ምስክር የነበሩ ሰዎች። ሕጉ ልጆችን በሚመለከት የልጆቹ ጥቅም እንዲታይ አዘዘ፤ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ደግሞ እስከ አምስት ዓመታቸው ከእናታቸው ጋር እንዲቆዩ ደነገገ።

አምስት ዓመት ለምን? «ጨቅላ ከእናቱ አይለይ» የሚለው ሐሳብ በሌላው ዓለም ሕጎችም የገባው በትግል ነው። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ልጅ በሕግ የአባቱ ብቻ ነበር። ካሮላይን ኖርተን የምትባል ደራሲ ባሏ ሦስት ወንዶች ልጆቿን ወስዶ ከለከላት። ጻፈች፣ ተሟገተች፤ እ.ኤ.አ. በ1839 እናቶች ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆቻቸውን ለማሳደግ ፍርድ ቤት እንዲጠይቁ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ለእሷ ግን አልሆነላትም። ባሏ ልጆቹን ሕጉ ወደማይሠራበት ወደ ስኮትላንድ አሻግሯቸው ነበር። የመጨረሻው ልጇ እ.ኤ.አ. በ1842 ከፈረስ ወድቆ ተጎዳ፤ እናቱ ሳትደርስለት ሞተ። ሕግ አለ ማለት ልጅ ተረፈ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ወደ እኛ ሽማግሌዎች እንመለስ። ጥቅማቸው ግልጽ ነው። ቤቱን ያውቁታል። ማን እንደሚጠጣ፣ ማን እንደሚማታ፣ የየትኛዋ አያት ቤት ልጅ እንደሚያስጠጋ ለማወቅ የማስረጃ ዝርዝር አያስፈልጋቸውም። ነገሩን ጨርሰውም አይጠፉም፤ በሚቀጥለው ሰንበቴ ላይ ሁለቱንም ወገን ያገኟቸዋል።

ጉዳታቸውም እዚያው ነው። በዚያው ሕግ ባል የቤተሰቡ ራስ ነበር፤ የሽማግሌው ሸንጎም የወንዶች ነው። ፍቺው «ጥፋተኛው ማን ነው?» ተብሎ ስለሚታይ፣ ጥፋተኛ የተባለው ወገን በንብረት ክፍፍልም ሊቀጣ ይችላል። በዚህ መሐል የልጁ ጉዳይ የጥፋተኝነት ሙግቱ ጅራት ይሆናል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ «ለልጅሽ ስትይ ታረቂ» የሚለው ነው። ይህ ቃል ብዙ ቤት አድኗል። ስንቷን ደግሞ ወደሚደበድባት ሰው መልሷታል፤ ልጁም ግድግዳ ተደግፎ እንዲያይ ተመልሷል። ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ!

ማንም ያልጠየቀው ልጅ

ሁለት ወገን «እኔ ነኝ የሚበጀውን የማውቅለት» ብሎ ሲጎትተው ልጅ ምን እንደሚሆን ለማየት ከታሪካችን አንድ ሰው ልጥራ፤ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ። የእሱ ጉዳይ የፍቺ ጉዳይ አይደለም። የአሳዳጊነት ክርክር ግን ነው፣ ያውም ንግሥትና ሚኒስትር የተካረሩበት።

እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ሲወድቅ ዕድሜው ሰባት ነበር። አባቱ ራሳቸውን ገደሉ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ በመንገድ ላይ ሞቱ። የቀረለት ሰው አማርኛ የሚችለው ሻምበል ትሪስትራም ስፒዲ ነበር፤ ልጁም ተጣበቀበት፣ ሌሊት ያለ እሱ መተኛት እስኪያቅተው ድረስ። ስፒዲ ለሥራ ወደ እስያ ሲሄድ ይዞት ሄደ። ከዚያ ግን የገንዘብ ሚኒስትሩ ሮበርት ሎው ልጁ ተመልሶ እንግሊዝ ውስጥ ትምህርት ቤት እንዲገባ ወሰኑ። ንግሥት ቪክቶሪያ ከስፒዲና ከባለቤቱ እንዳይለይ ቢፈልጉም አልሆነም። አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬም ከኢትዮጵያ ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጽፈው ነበር።

ሁሉም ለልጁ በጎ እያሰቡ ነበር ብለን እንውሰድ። ግን ልብ በሉ፤ አባትና እናቱን በሳምንታት ውስጥ ያጣ ልጅ የያዘውን አንድ እጅ እንደገና ተነጠቀ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1879 በ18 ዓመቱ ሞተ፤ ዊንዘር ተቀበረ። የሞተው በሳንባ በሽታ እንጂ በሐዘን ነው ልል አልችልም። ነገር ግን ስለ እሱ ከተጻፈው ሁሉ ልጁ ራሱ ምን እንደሚፈራ፣ ምን እንደሚያጽናናው ጠይቆ ውሳኔውን በዚያ ላይ የመሠረተ ባለሥልጣን አላገኘሁም።

ሕጉ ሲለወጥ

በ1967 ዓ.ም. የየካቲቱ አዋጅ የገጠር መሬትን የመንግሥት ሲያደርግ ርስት አከተመ። የልጁን ሁለት ወገን አስሮ የያዘው ገመድም አብሮ ላላ። የቤተሰብ ሕጉ ግን ደርግ ሙሉ ዘመኑን ሲገዛ ሳይቀየር ቆየ። የተቀየረው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ አጸደቀች። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ አዘዘ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ጨምሮ ብዙዎች ከወተወቱ በኋላ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በ1992 ዓ.ም. ወጣ። የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አወጀ፤ ዛሬ ዘመሮ ላይ የሚሠራው እሱ ነው።

ምን ተለወጠ? የጋብቻ ዕድሜ ለሴቷም 18 ሆነ። የባል ራስነት ቀረ። ፍቺ መወሰን የፍርድ ቤት ብቻ ሆነ፤ ሽማግሌ ሊያስታርቅ ይችላል፣ ሊያፋታ ግን አይችልም። በፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 113 መሠረት ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር የሚወስነው ዳኛ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም ማየት አለበት። የአምስት ዓመቱ ደንብ ቀረ።

በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 አንድ ትልቅ ውሳኔ ሰጠ። ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገችው አክስቱ ናት። እናቱ ሞተዋል። አባትየው ልጄ ይሰጠኝ አለ፤ የሥር ፍርድ ቤቶችም ወላጅ አባት ነውና ይገባዋል አሉ። ሰበር ግን ሕገ መንግሥቱንና የሕፃናት መብቶች ስምምነቱን ጠቅሶ ሻረው። መወለድ ብቻውን አይበቃም፤ ለልጁ የሚበጀው መታየት አለበት አለ። በ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 454 ከወጣ ጀምሮ የሰበር የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ማለትም ይህ ውሳኔ መንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ላለ ዳኛም ይሠራል።

በቀጠሮና በቀጠሮ መካከል

እዚህ ላይ ታሪኩ በደስታ ያለቀ ይመስላል። ግን አንድ ሁኔታ እናስብ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ፤ እናቷ ዘመሮ፣ አባቷ ደብረ ብርሃን። የወረዳው ፍርድ ቤት ለእናት ወሰነ፣ አባት በየአሥራ አምስት ቀኑ እንዲጠይቃት ፈቀደ። አባት ይግባኝ ብሎ ደብረ ብርሃን ወዳለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄደ። እናት «ቀለብ ሳይከፍል አያያትም» አለች። አባት «ካላሳየችኝ አልከፍልም» አለ። ሁኔታ ሲለወጥ ውሳኔው እንደገና ሊታይ ስለሚችል ሁለቱም አዲስ ነገር ይፈልጋሉ። የሚገኘውም ከልጅቷ አፍ ነው፤ «እዚያ ቤት ምን አሉሽ? ማን መጣ? ምን በላሽ?» ልጅቷ መልእክተኛም ሰላይም ሆነች። መሬትም አለበት። በአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ከ1990ዎቹ ጀምሮ በባልና በሚስት ስም ስለሚሰጥ፣ ሲፋቱ ደብተሩም ይከፈላል፤ «ልጁን የያዘ ቤቱን ይይዛል» የሚል ስሌት የሚገባባቸው ወላጆች አይጠፉም። የአባት ዕዳ ለልጅ ይባል የለ? እዚህ የሁለቱም ዕዳ ነው።

እንዲህ ያለው ጠብ በሰውነት ላይ የሚተወውን ምልክት ባለሙያዎች ትራውማ ይሉታል፤ የሥነ ልቦና ቁስል ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከ17,000 በላይ አዋቂዎች በተጠየቁበት ታዋቂ ጥናት፣ በልጅነት የደረሰ መከራ በተደራረበ ቁጥር በአዋቂነት የጤና ችግር እየጨመረ እንደሚሄድ ታየ። ከተጠየቁት መከራዎች መካከል እናት ስትደበደብ ማየትና የወላጆች መለያየት ይገኙባቸዋል። ሰሜን ሸዋ ደግሞ ባለፉት ዓመታት ጦርነት ያየ ምድር ነው። ብዙ ልጅ የወላጆቹ ጠብ ሳይጨመርበትም የሚሸከመው አለው።

ታዲያ ቤተሰቡን ማገዝ ምን ማለት ነው? ቁስሉን የተረዳ ደጋፊ የመጀመሪያ ሥራው ደኅንነትን መለየት ነው። ድብደባ ካለ ሁለቱን አንድ ክፍል አስቀምጦ «ተነጋገሩ» አይባልም፤ ሽማግሌም ቢሆን። ቀጥሎ አዋቂዎቹን በትክክል ማንበብ አለ። ችሎት ፊት ቀን የምታምታታ፣ ዝም የምትል ወይም በማይገባ ቦታ የምትስቅ እናት ውሸታም ትመስላለች፤ ብዙ ጊዜ ግን የፈራ ሰው እንዲህ ነው። የሚጮኸው አባትም ልጁን ለዘለዓለም የሚያጣ መስሎት ሊሆን ይችላል። አብሯቸው የሚሄድ፣ ቀጠሮውን የሚጽፍላቸው፣ «ዛሬ የሚሆነው ይህ ነው፣ ያ አይሆንም» የሚላቸው አንድ ሰው ብዙ ይለውጣል።

ከዚያ ልጁ። እንዲመርጥ አይጠየቅ። ታሪኩን ለአሥር ሰው አሥር ጊዜ አይናገር። ርክክቡ ሁለቱም ወገን በሚያምኑት ሦስተኛ ቦታ ይሁን፤ የክርስትና እናት ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ትምህርት ቤት። ቀለብና ጥየቃ ይለያዩ፤ አንዱ ለሌላው መያዣ አይደለም፣ ሁለቱም የልጁ ናቸው።

አዲስ አበባ ላይ የዚህ ጅምር አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሕፃናት ፍትሕ ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት በዚህ ላይ ለዓመታት ሠርቷል። ጥቃት የደረሰባቸው ልጆች ሰው ከሞላበት ችሎት ርቀው፣ ለብቻው በተዘጋጀ ክፍል ከባለሙያ ጋር ተቀምጠው በካሜራ የሚናገሩበት ችሎት ተዘርግቷል። ግን ይህን አሠራር ወደ እያንዳንዱ ደጋ ወረዳ ማድረስ የአንድ ጀምበር ሥራ አይደለም። እስከዚያ ድረስ መንዝ ያለው ምንድን ነው? ሽማግሌ አለው፣ የንስሐ አባት አለው፣ መምህር አለው፣ አክስት አላት። ቀድሞ ይዘውት የነበረው የመፍረድ ሥልጣን በሚገባ ተወስዶባቸዋል፤ እንዲመለስላቸውም አልፈልግም። የመጠበቅ ሥራ ግን የቀረላቸው ይመስለኛል፤ ማንም በይፋ አልሰጣቸውም እንጂ።

መንዞች መጠበቅን ደግሞ ያውቁበታል። የጓሳን ሣር አስቡት። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ሁለት አቅኚ አባቶች ደጋውን ሲካፈሉ ጓሳን ለጋራ ተዉት። ያለ ጠባቂ ግን አልተዉትም። የሁለቱም ወገን ሰዎች እየተመረጡ ይጠብቁት ነበር፤ ሣሩ እስኪያገግም ለዓመታት ይዘጋ ነበር፣ የማንም ከብት አይገባም፣ ማጭድም አይነሳም ነበር። ስለ ባለቤትነቱ የሚጨቃጨቁት ሁለቱ ወገኖች ሣሩን ለማሳረፍ ግን ይስማሙ ነበር።

ይህን ከምታነቡት መካከል በልጅነታችሁ «ከማን ጋር ትሆናለህ?» የተባላችሁ ጥቂት እንዳልሆናችሁ እገምታለሁ። ዛሬ እናንተ አጎት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ ጠበቃ፣ መምህር ናችሁ፤ ወይም ትሆናላችሁ። የተጣላ ቤት ስትገቡ ወላጆቹ ሁለቱም ወደ ራሳቸው ወገን ይጎትቷችኋል፤ ማን ትክክል እንደሆነ እንድትፈርዱም ይጠብቃሉ። ፍርዱን ለችሎቱ ተዉት። ልጁ ጓዳ ውስጥ ወይም ደጅ ላይ ብቻውን ይኖራል፤ ወደ እሱ ሂዱና ስለ አባቱም ስለ እናቱም ሳታነሱ ትናንት ማታ እንቅልፍ ወስዶት እንደነበር ጠይቁት። ከዚያ በሚቀጥለው ሳምንትም ተመልሳችሁ ሂዱ።